ከበቅሎ ኮርቻ እስከ ብስክሌት፦ ዳሌን የማፍታታት ታሪክ

ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ዳሌው በጉዞው ሁሉ አንድ ጊዜም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ፔዳሉ ከታች ሲደርስ እንኳ ጭኑ በመጠኑ ወደ ፊት እንደታጠፈ ነው፤ ከላይ ሲደርስ ደግሞ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ጭን የሚመላለሰው ከ45 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ፔዳሉ በደቂቃ 80 ጊዜ ቢዞር ይኸው አጭር እንቅስቃሴ በሰዓት 4,800 ጊዜ ይደጋገማል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ባራመደ ቁጥር አንዱ እግሩ ከዳሌው ኋላ ቀርቶ የብሽሽቱን ጡንቻ ይስበዋል።

ጭንን ወደ ሆድ ከሚያነሡት ጡንቻዎች ዋናው ፕሶአስ ይባላል። ከወገብ አከርካሪ አጥንቶች ጎን ተነሥቶ በዳሌ አጥንት ፊት ለፊት ይወርድና ከጭን አጥንት ራስጌ በውስጥ በኩል ይጣበቃል። ሥጋ ሻጭ ከበሬ ላይ ጭቅና ብሎ የሚያወጣው ይህንኑ ጡንቻ ነው፤ በበሬ ላይ እንዲያ የሚለሰልሰው ብዙም ስለማይለፋ ነው። ከእሱ ጋር የሚሠሩት ከዳሌ አጥንት ውስጠኛ ገጽ የሚነሣው ኢሊያከስና ዳሌንም ጉልበትንም የሚሻገረው የፊት ጭን ጡንቻ ናቸው። ብስክሌተኛ ሦስቱንም ባጠሩበት ርዝመት ለሰዓታት ይይዛቸዋል። ከኮርቻው ወርዶ ቀጥ ብሎ ለመቆም ሲሞክር ወገቡ የሚጎብጠው፣ ብሽሽቱም የታሰረ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ደጋ ላይ አዲስ ነው። ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በአንድ በኩል የጮቄ ተራራ፣ በሌላው የዓባይ ሸለቆ ያለበት ይህ አገር ለብዙ ዘመን በእግርና በጋማ ከብት ብቻ ሲታለፍ ኖሯል። ሲራራ ነጋዴው ከጎንደር ወደ ጎጃም ገበያዎች፣ በተለይም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ ገንኖ ወደነበረው ወደ ባሶ፣ አህያና በቅሎውን እየነዳ ይሻገር ነበር። የቆሎ ተማሪው ከአንዱ የቅኔ ጉባኤ ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ በቢቸና በኩል ወዳለው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ስልቻውን አንግቶ በእግሩ ይሄዳል። አራሹ ቀኑን ሙሉ ከበሬዎቹ ኋላ ይራመዳል። ካህኑና ደብተራው መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ማኅሌት ሲቆሙ ዳሌያቸው ለሰዓታት የተዘረጋ ነው፤ በዐቢይ ጾም ስግደት ደግሞ ያው ዳሌ መታጠፍ እስከሚችልበት ድረስ ይታጠፋል፣ መልሶም ይዘረጋል። በቤት ውስጥ በቁጢጥ መቀመጥ፣ ከዝቅተኛ በርጩማ ወይም ከመደብ መነሣት የዕለት ነገር ነበር።

ይህን ሁሉ ማንም ሰውነቱን ላፍታታ ብሎ አላደረገውም። ነገር ግን ዛሬ የስፖርት ባለሙያ ለብስክሌተኛ ከሚያዘው እንቅስቃሴ አብዛኛው በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። የቀድሞውን ኑሮ ለማሞገስ ግን አይመችም፦ ያው ኑሮ ጉልበትና ወገብ ይጨርስ ነበር፤ ሸክም የለመደ ሰው በእርጅናው የሚያነሣውም አቤቱታ የዳሌ መጥበቅ ሳይሆን የወገብ ቁርጠት ነው።

ኮርቻ ላይ መዋል በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። የጎጃም ባላባት በበቅሎ ሩቅ መንገድ ይሄድ ነበር፤ በጉግስ ሜዳም ፈረስ ይጋልብ ነበር። ዳሩ ግን የበቅሎ ኮርቻ ሰውነትን የሚይዘው እንደ ብስክሌት አይደለም። የተጓዡ እግር ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ጭኑ ከሆዱ ይርቃል። የጥንቱ ኢትዮጵያዊ ጋላቢ በባዶ እግሩ ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሽ የእርካብ ቀለበት ውስጥ ያስገባ ስለነበር እግሩ ይበልጥ ረዝሞ ይወርድ ነበር። የበቅሎ መንገደኛ የሚቆስለው መቀመጫውና የጭኑ ውስጥ ነው፤ የሚያመውም የሚንገጫገጨው ወገቡ ነው።

መንገድ የጎዳውን፣ ከበቅሎ የወደቀውን፣ በጉግስ የተሰበረውን ሰው የሚያየው ወጌሻ ነበር። ወጌሻ ወለምታን፣ ውልቃትንና ስብራትን በእጁ የሚያቃና ባለሙያ ነው። ሙያው አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ይወርዳል፤ ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ፣ መጀመሪያ የታማሚውን እግር በመያዝ፣ ቀጥሎ በመሳብ፣ በመጨረሻም አጥንቱን በጣቱ በመፈለግ ይማረዋል። በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር የለም፤ ዕውቀቱ ሁሉ በጣት ጫፍ ላይ ነው። ጎበዝ ወጌሻ የወለቀውን ከተሰበረው የሚለየው በመዳሰስና ታማሚው የት ላይ እንደሚጮኽ በመስማት ነው። ቦታውን በለጋ ወይም በተነጠረ ቅቤ ካሸ በኋላ ታማሚውን በወሬ እያዘናጋ ድንገት ይስበዋል። ስብራት ከሆነ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ደግፎ በጨርቅ ያስረዋል፤ ከቀናት በኋላ ፈትቶ አይቶ እንደገና ያስራል።

ከዚህ ከዋናው ሥራው ጎን ወጌሻ ያሽ ነበር። ሩቅ መንገድ ሄዶ ጡንቻው የተኮማተረበት፣ ሸክም አንሥቶ ወገቡን የያዘው፣ ጅማቴ ተሳሰረ የሚል ሰው እሱ ዘንድ ይሄዳል። እሽታው ከታፋ ጀምሮ ወደ ወገብ ይወጣል፣ መገጣጠሚያውንም ያዞራል፣ እግሩንም ይጎትታል። ሕመሙ ካልለቀቀ በሌላ ባለሙያ እጅ ዋግምት ይከተላል፤ አለዚያም ፍል ውሃ ወይም ጠበል ነው። የዳሌን ጡንቻ ባለቤቱ በራሱ፣ በየቀኑ፣ ቀስ እያለ ያሳስበው የሚል ትእዛዝ ግን የወጌሻ ሙያ መሠረት አልነበረም። በወጌሻ ፊት ታማሚው ተኝቶ ይታሻል እንጂ ራሱ አይሠራም። ዘመናዊው ማፍታታት ከእሽታ የሚለየውም በዚሁ ነው።

የወጌሻ ሙያ ጥፋትም አለበት። በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎች የአጥንት ሐኪሞች፣ ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውር አቋርጦ እጅ ወይም እግር እስከ መቁረጥ የሚያደርስበትን አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ደጋግመው ዘግበዋል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

ብስክሌት ወደዚህ ዓለም የገባው በከተማ በኩል ነው። በአፍሪካ ቀንድ የውድድር ብስክሌት መናኸሪያ የሆነችው በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው አሥመራ ናት። ውድድሩ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር የጣልያኖች ብቻ ነበር። በ1939 ኤርትራውያን ከጣልያኖች ጋር እንዲወዳደሩ በተፈቀደበት ውድድር ገብረማርያም ገብሩ አሸነፈ፤ የዘር መድሎ ሕግ በነገሠበት ዘመን ይህ ከስፖርት ውጤት በላይ ነበር። በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተካሄደ። ጣልያኖች ጥለውት የሄዱት ነገር በጥገና ቤቶች ቋንቋ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማል፦ ጎሚስታ፣ ካላማዳሪያ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ።

ከጣልያን የመጣው የውድድር ብስክሌት ለዳሌ ከሌላው ብስክሌት ሁሉ የከፋ ነው። መሪው ወደ ታች የተቆለመመ ስለሆነ ጋላቢው ነፋስ ለመሸሽ ደረቱን ወደ ጭኑ ያስጠጋል፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው ይበልጥ ይታጠፋል። ጀርባን አቅንተው የሚነዱት ተራ ብስክሌት፣ ለፖስታ አዳይና ለተማሪ የሚሆነው ዓይነት፣ እንዲህ አያስጨንቅም።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) በሜልቦርን ነው። የላከቻቸው 12 ስፖርተኞች ሯጮችና ብስክሌተኞች ብቻ ነበሩ። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የጎዳና ውድድር ተሰለፉ። ገረመው 24ኛ ሆነ፤ ቡድኑም 9ኛ ወጣ። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ በሩጫ ከዚህ የተሻለ የምትመካበት ነገር አልነበራትም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሩጫ የብስክሌትን ታሪክ ሸፈነው።

የብስክሌት ውድድር ከጥንቱም ያለ አሻሽ አይሄድም ነበር። የጣልያኑ ሻምፒዮን ፋውስቶ ኮፒ አሻሽ የነበረው ብያጆ ካቫና ዓይነ ስውር ነበር፤ የጋላቢዎችን አቅም ጡንቻቸውን ዳስሶ ይናገራል ተብሎ በአገሩ ስሙ የገነነ ሰው ነው። በጎጃም መንደር ያለ ወጌሻ ካቫናን ቢያገኘው ሙያውን ወዲያው ያውቅለት ነበር። በኢትዮጵያም ስፖርት በቡድን ሲደራጅ ይህ ሥራ አዲስ ስም አላስፈለገውም። በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ሲወድቅ ሻንጣውን ይዞ የሚሮጠው ሰው ወጌሻ ነው፤ በብስክሌት ክለብም እንዲሁ። ትምህርት ቤት ገብቶ የሰውነት ጡንቻዎችን በላቲን ስማቸው የተማረው ፊዚዮቴራፒስት ጭምር በስፖርተኞች አፍ ወጌሻ ነው።

ራስን በራስ የማፍታታት ልማድ የመጣው በሌላ መንገድ፣ በወታደር ቤትና በትምህርት ቤት በኩል ነው። ምንጩ ስዊድን ነው። ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ማዕከላዊ የጂምናስቲክ ተቋም መሠረተ። ሊንግ የሰይፍ ፍልሚያ አስተማሪ ነበርና አንድ እግር ወደ ፊት አስቀድሞ የኋላውን ዘርግቶ የመቆም ስልት በትምህርቱ ውስጥ ሰፊ ቦታ አገኘ። ዛሬ ብስክሌተኞች ብሽሽታቸውን የሚያሳስቡበት እንቅስቃሴ የዚያ አቋቋም የቅርብ ዘመድ ነው። ሊንግ ጂምናስቲክን በአራት ዓላማ አስተማረው፦ ለትምህርት፣ ለውትድርና፣ ለሕክምናና ለውበት። ከሦስተኛው የዛሬው ፊዚዮቴራፒ አንድ ዘርፍ ወጣ።

የስዊድን መኮንኖች ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በቪኪንግ ታም መሪነት ሲያሠለጥኑ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ኦኒ ኒስካነን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ይህ ሰው የክብር ዘበኛን የአካል ማጠንከሪያ አሠለጠነ፣ በትምህርት ቤቶች ስፖርት ላይም ሠራ፤ ዓለም የሚያውቀው ግን በአበበ ቢቂላ አሠልጣኝነቱ ነው። በመሥመር ተሰልፎ በፊሽካ ወገብን ማዞር፣ እጅን ወደ እግር ጣት ማውረድ፣ እግርን ወደ ኋላ መሳብ በዚህ ዘመን ከጦር ሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ ተስፋፋ። ዛሬ በጉንደ ወይንም ሆነ በሌላ ወረዳ ያለ ተማሪ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሰውነት ማሟሟቅና የመተጣጠፍ ችሎታ የሚባለውን ይማራል።

የዳሌ ጡንቻ በእርግጥ አጥሮ እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ደግሞ ከወጌሻ ቤት የወጣ ሐኪም ስም ይዟል። ሂዩ ኦወን ቶማስ በ1834 በዌልስ አንግልሲ ደሴት ተወለደ። ቤተሰቡ ለትውልዶች አጥንት ያቃና ነበር፤ አባቱ ኢቫን በሊቨርፑል ያለ ፈቃድ ያክማል እየተባለ በሐኪሞች ተደጋግሞ ተከሷል። አባትዬው ክሱ ሲሰለቸው አምስት ወንዶች ልጆቹን ሁሉ ሕክምና አስተማራቸው። ሂዩ የአባቱን እጅ ከሐኪም ቤት ትምህርት ጋር አዋሕዶ የዘመናዊ አጥንት ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ ለመሆን በቃ፤ ለጭን አጥንት ስብራት የሠራው ድጋፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብዙ ወታደሮችን ሕይወት አትርፏል። በ1870ዎቹ ያስተዋወቀው የዳሌ ምርመራ ቀላል ነው። ሰውየው በጀርባው ይተኛል፣ አንዱን ጉልበት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደረቱ ይስባል። ሌላው ጭኑ ከአልጋው ላይ ብድግ ካለ የዚያ ወገን የብሽሽት ጡንቻ አጥሯል። ጭኑ ተኝቶ ከቀረ፣ ሰውየው ምንም ያህል ጠበቀኝ ቢል ጡንቻው አላጠረም።

ወደ ብስክሌቱ ስንመለስ፣ የአማራ ክልል የብስክሌት ከተማ ባሕር ዳር ናት። ከጉንደ ወይን ተነሥቶ በሞጣና በአዴት በኩል የሚሄደው መንገድ እሷ ዘንድ ያደርሳል። በጣና ዳር ሜዳ ላይ መቀመጧ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ተቋም መከፈታቸው ሠራተኛና ተማሪ የሚመላለስባት ከተማ አደረጋት፤ ብስክሌትም የአብዛኛው ሰው መጓጓዣ ሆነ። ይህ ብስክሌት ቀጥ ብለው የሚነዱት፣ ከኋላ ዕቃ ወይም ሰው የሚጭን ነው። ጉዞው አጭር በመሆኑ ዳሌ የሚታሰርበት ጊዜ የለም፤ የባሕር ዳር ብስክሌተኛ ችግር አዘውትሮ ዝቅ ብሎ የተተከለ ኮርቻ ነው። በተውሶ ወይም በኪራይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እግሩ መሬት እንዲደርስለት ኮርቻውን ዝቅ ያደርጋል፣ በዚህም ጉልበቱ በየዙሩ ወደ ሆዱ ይወጣል።

የውድድሩ ማዕከል ግን ኤርትራ ከተለየች በኋላ ወደ ትግራይ ዞረ። የትግራዩ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሦስት ሳምንት በየቀኑ ለሰዓታት የሚጋልብ ሰው ዳሌ ለብቻው የተመደበ ባለሙያ ይፈልጋል፤ በትልልቅ ክለቦች ማታ ማታ የእሽታ ጠረጴዛ የማይዘረጋበት ሆቴል የለም። ጎጃምም ለፈረንጅ ብስክሌተኞች ያልታወቀ አይደለም። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የጋለቡት የአፍሪካ ዙር ተጓዦች በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይን በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው ያንኑ ያህል ይወጡ ነበር። ዳገቱ ላይ ከኮርቻ ተነሥቶ ቆሞ መጋለብ ዳሌን በተወሰነ ደረጃ ስለሚዘረጋው፣ ከረጅም ሜዳ ይልቅ ዳገት ለብሽሽት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

አሁን በብዛት የሚመከረው እንቅስቃሴ በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ የሚሠራው ነው። የሚፍታታው ወገን ጉልበት በታጠፈ ጋቢ ወይም ምንጣፍ ላይ ያርፋል፣ ሌላው እግር ወደ ፊት ይተከላል። ቁም ነገሩ ወደ ፊት ከመገፋቱ በፊት ነው፦ የኋላው መቀመጫ ጡንቻ ይጨመቃል፣ የዳሌ አጥንትም ከሥሩ ወደ ፊት ይታጠፋል። ይህ ካልተደረገ የሚሳበው ጡንቻው ሳይሆን የሚጎብጠው ወገብ ነው፤ ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ ሠርቶ ለውጥ ያላየው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን፣ ለአንድ ጡንቻ በድምሩ 60 ሰከንድ ያህል፣ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ እየያዙ መደጋገምን ይመክራል።

ማፍታታት የሚሰጠው ጥቅም ግን ከዝናው ያነሰ ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ የኮክሬን ግምገማ ከስፖርት በፊትም ሆነ በኋላ መፍታታት በማግሥቱ የሚሰማን የጡንቻ ሕመም በሚታይ መጠን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ከውድድር በፊት አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስቦ መያዝ ጉልበቱን ለጊዜው ይቀንሰዋል። ለሳምንታት የሠራ ሰው ዳሌው ይበልጥ የሚዘረጋውም በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ ሳይሆን ሰውነቱ የመሳቡን ስሜት መቻል ስለለመደ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከማፍታታቱ ጋር የመቀመጫን ጡንቻ ማጠንከርን፣ የኮርቻን ከፍታ ማስተካከልንና በእግር መሄድን ይጨምራሉ፤ የመጨረሻው ለደገኛ ምክር አያስፈልገውም።

ማፍታታት ጨርሶ የማይነካው ጥብቀትም አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ሐኪሞች በተወዳዳሪ ብስክሌተኞች ላይ አንድ የተለየ ሕመም ለይተው ጻፉ። ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር በዳሌ ፊት በኩል፣ ከፕሶአስ ጎን ሲያልፍ፣ ለዓመታት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ግድግዳው ይወፍራል፣ ቀዳዳውም ይጠባል። ጋላቢው በሙሉ ኃይሉ ሲገፋ አንድ እግሩ ይደክማል፣ ጭኑ የታሰረ ይመስለዋል፤ ሲያርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። የተለመደው የሕመምተኛ ታሪክ ወራት ወይም ዓመታት እንደ ጡንቻ መጥበቅ ተቆጥሮ መታሸትና መፍታታት ነው። ሲያርፍ የሚደረግ ምርመራ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ የሚለየው ጋላቢው እስኪደክም ከገፋ በኋላ ወዲያው በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች የሚለካው የደም ግፊት ሲነጻጸር ነው። ሕክምናውም የሥልጠናን መጠንና የአቀማመጥን ጉንበሳ መቀነስ ነው፤ ውድድሩን መተው ያልፈለገ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል።